ሸተተኝ፦ ስለ ጎረቤቴ ጭስ ሐተታ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሸተተኝ። ልጄን አስተኝቼ፣ ሳህን አጣጥቤ፣ መብራት ላጠፋ ስል ከማጠቢያው ስር፣ ቧንቧዎቹ ግድግዳውን በስተው ከሚገቡበት ክፍተት ወጣ። የጋንጃ ጭስ ነው። ከእኔ በታች ያለው ሰው ያጨሳል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጭሱ የመጣበት የመጀመሪያ ምሽት አልነበረም። በዚያ ምሽት ግን ጫማዬን አጥልቄ ወረድሁ። ደረጃው መሃል ስደርስ ቆምሁ። ያቆመኝ ፍርሃት አይደለም። በሩ ሲከፈት "አቁም" ልለው ነው። "ለምን?" ቢለኝስ?

መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ ንዴት ነው። ንዴት የሚያስረዳው ስለተናደደው ሰው እንጂ ስለ ነገሩ አይደለም። ተመልሼ ገባሁ፣ ወንበር ሳብሁ፣ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፍሁት። ሰው በገዛ ቤቱ የሚያጨሰው ጭስ ሽታው እኔ ቤት ቢደርስ ተበድያለሁ ወይ? ተበድዬ ከሆነስ በደሉ ምኑ ላይ ነው?

ከመነሻው ልጀምር። መሽተት ምንድን ነው?

መጀመሪያ ቋንቋዬን ጠየቅሁ። አየሁ እላለሁ። ሰማሁ እላለሁ። ቀመስሁ፣ ዳሰስሁ እላለሁ። በአራቱም አድራጊዋ እኔ ነኝ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሸተተኝ። እዚህ አድራጊው ሽታው ነው፤ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። "አሸተትሁ" የሚል ቃልም አለ፤ እሱ ግን ሌላ ነው። አሸተትሁ የሚል ሰው አፍንጫውን አስጠግቶ አውቆ የሳበ ነው። ሸተተኝ የሚል ሰው ግን ተቀምጦ ሳለ የመጡበት ነው።

ሰዋስው ማስረጃ አይሆንም የሚል ይነሣብኛል። ፀሐይ ወጣች ስላልን ፀሐይ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞም ታየኝ፣ ተሰማኝ እንላለን። እውነት ነው። ቃል ብቻውን አይፈርድም። ግን ሸተተኝ የሚለው ቃል ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ። ሁሉም ሳይጠሩ የሚመጡ ናቸው። ቋንቋው ሽታን ከዓይንና ከጆሮ ሰፈር አውጥቶ ከረሃብና ከብርድ ጋር አስፍሮታል። ይህ ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ ይመረመራል።

አካሉን መረመርሁ። ተራራ ሳይ ተራራው ዓይኔ ውስጥ አይገባም። ጭስ ሲሸተኝ ግን ከዚያ ቅጠል የተነሣ ደቃቅ ነገር በአየር ተጉዞ አፍንጫዬ ውስጥ አርፏል። ሽታ የነገሩ ወሬ አይደለም፤ ከነገሩ የተቆረሰ ነው። የጋንጃን፣ ማለትም የካናቢስን፣ ሽታ የሚያከረፋው ምን እንደሆነ ኬሚስቶች ፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ድኝ ያለባቸው ጥቂት ውሕዶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከነጭ ሽንኩርት ሽታ ጋርም ዝምድና አላቸው። መጠናቸው በጣም ትንሽ ነው። ለአፍንጫ ግን ትንሹ ይበቃዋል።

ብርሃንም ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ድምፅም ጆሮ ይመታል፤ ሽታ በምን ተለየ? በዚህ ተለየ፦ ዓይኔን ጨፍኜ እተኛለሁ። ጆሮዬን ደፍኜ እተኛለሁ። አፍንጫዬን ይዤ ግን አልተኛም። ሽታና ትንፋሽ የሚገቡት በአንድ በር ነው። አንዱን ብዘጋ ሌላውን ዘጋሁ። "በአፍሽ ተንፍሺ" የሚለኝ ቢኖር፣ ጭሱ መግቢያ ቀየረ እንጂ አልቀረም እለዋለሁ። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ስለ ሰው ባሕርይ በሚያትት መጽሐፉ ይህንኑ አይቶታል። የሚበላውን ሰው ይመርጣል፤ የሚሸተውን ግን ቢወድም ባይወድም ከሌላው ጋር ይካፈላል፤ ስለዚህ ማሽተት ከነጻነት ጋር ይጣላል ብሏል።

ከዚህ ተነሥቼ የመጀመሪያውን መርሕ አቆምሁ፦ ሳልፈቅድ ወደ ትንፋሼ ምንም ሊላክብኝ አይገባም። ጠንካራ መሰለኝ። በዚህ መርሕ ጎረቤቴ በደለኛ ነው። ነገሩ አለቀ።

አላለቀም። እሑድ ጠዋት ቡና እቆላለሁ። ጭሱ ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ አንድ ቀን የሕንፃው አላርም ጮኾ ሰው ሁሉ በፒጃማ ወጥቷል። ዕጣን አጨሳለሁ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ቁሌቱ አለ፤ ቅቤ ማንጠሩ አለ። የሽንኩርት ሽታ ካፖርቴ ላይ ይዤ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም። መርሔ እውነት ከሆነ የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እኔ ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ ምግብ የሚያበስል፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ሕፃን የሚያሳድግ ሁሉ ተከሳሽ ነው። ሁሉን የሚከስ መርሕ ማንንም አልከሰሰም። ስለዚህ ጣልሁት።

ስጥለው ሌላ ሐሳብ ሊያስመልጠኝ መጣ። የእኔ መዓዛ ነው፤ የእሱ ግማት ነው። ልዩነቱ ይኸው!

ይህን ሐሳብ ወድጄው ነበርና ጠንክሬ ያዝሁት። ቃሎቹን አየኋቸው። መዓዛ፣ ጠረን፣ ሽታ፣ ክርፋት፣ ግማት። መዓዛ ስል ፈርጃለሁ፤ ግማት ስልም ፈርጃለሁ። ማስረጃ ግን አላቀረብሁም። ቡና መልካም እንደሚሸት ማን ነገረኝ? የእናቴ ቤት ነው የነገረኝ። ገና ቃል ሳልናገር ያ ጭስ ከሰው ድምፅ፣ ከፈንዲሻ፣ ከእሑድ ጋር ተሰፍቶ ገባ። አፍንጫዬ የተማረ ነው፤ የተማረ ነገር ደግሞ አስተማሪ አለው። የጎረቤቴ አፍንጫ ሌላ አስተማሪ ነበረው። ሻሸመኔ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩ ራስታፈሪያን ይህን ቅጠል ሕግ ቢከለክልም የጸሎታቸው ጭስ ይሉታል። በዚያው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዕጣን ይጤሳል። ሁለቱም ጭስ ነው። ለሚያጨሰው ሁለቱም ወደ ላይ የሚላክ ነው።

ለሰው ሁሉ የሚከረፋ ሽታ የለም ወይ? ምናልባት አለ። የበሰበሰ ሥጋ እንዲያ ሊሆን ይችላል። የጋንጃ ሽታ ግን ከእሱ ወገን አይደለም፤ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉት አሉ። መልካምነትም ክፋትም ጭሱ ውስጥ ተጽፎ አላገኘሁም። ይህንንም ጣልሁ።

ስጥለው ግን ከተቃራኒው ወገን አንድ ድምፅ ሰማሁ፦ "እንግዲያው አፍንጫሽ ቅምጥል ነው፤ ቻዪው።" ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1610 አልድረድ የተባለ ሰው ጎረቤቱ ከቤቱ አጠገብ የአሳማ ጋጣ ሠርቶ በሽታው ቢያስመርረው ከሰሰ። ተከሳሹ ያቀረበው መልስ ይኸው ነበር፤ የአሳማ ሽታ የማይችል ቅንጡ አፍንጫ ሊኖር አይገባም አለ። ዳኞቹ ለአልድረድ ፈረዱ። ቤት የሚሠራው ሊኖሩበት ነው፤ ለመኖር ንጹሕ አየር ያስፈልጋል የሚል ነው ምክንያታቸው። ከዚህ የወሰድሁት አንድ ነገር ነው። ጥያቄው ሽታው መልካም ነው ወይ አይደለም፤ አፍንጫው ስስ ነው ወይም አይደለም። ጥያቄው ቤቱ ቤት ሆኖ ቀርቷል ወይ ነው። ይህን ለጊዜው አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደ ሕግ ልሂድ፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። "ተፈቅዷል እኮ" ይላል አንዱ። "ክልክል እኮ ነው" ይላል ሌላው። ሁለቱም እውነት መናገራቸው ያስገርማል። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 1.5 አውንስ፣ ማለትም 42 ግራም ያህል እንዲይዝ ፈቅዳለች። በእግር ከሚደረስበት ድንበር ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እስከ 2 አውንስ ትፈቅዳለች። በሁለቱም ላይ ያለው እ.ኤ.አ. የ1970 የፌዴራል ሕግ ግን ካናቢስን በተከለከሉት መዝገብ አስፍሮታል። በኢትዮጵያም ወንጀል ነው።

በደሉ ከሕግ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ጁን 30 ማታ በድሎኝ ጁላይ 1 ጠዋት መበደሉን ባቆመ ነበር። ሽታው ግን በሁለቱም ቀን አንድ ነው፤ አፍንጫዬም አንድ ነው። ያልተለወጠ ነገር በደልነቱ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ሕጉ የተናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። መንግሥት "እኔ አልቀጣህም" አለው። "ጎረቤትህ ፈቅዳልሃለች" ግን አላለውም፤ ሊልም አይችልም። የእኔን ትንፋሽ ወክሎ የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት የለም።

ይህን የተረዳ ፍርድ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው በዋሽንግተን ዲሲ አንዲት አሮጊት ያለ ጠበቃ ተከራክረው አሸንፈዋል። ጎረቤታቸው ካናቢስን ለሕክምና የመጠቀም ፈቃድ ነበረው። ዳኛዋ ግን የመግዛትና የመጠቀም ፈቃድ የሌላውን ቤት የማወክ ፈቃድ አይደለም ብለው፣ ከአሮጊቷ ቤት 25 ጫማ ክልል ውስጥ እንዳያጨስ አዘዙ። የእኛም የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ሲያዝ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጫጫታን ይጠቅሳል። የሚከለክለው ግን ጭስን ሁሉ አይደለም። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው። ልኩ ስንት ነው? ሕጉ ቁጥር አልሰጠም፤ የአገሩን ልማድ ተመልከቱ ብሎ አለፈ። እንግዲህ መልስ ፍለጋ ወደ ሕግ ሄድሁ፤ ሕግም እጄን ይዞ ወደ ጎረቤቴ በር መለሰኝ።

አንድ ቀላል የሚመስል መንገድ ይቀራል፦ ጉዳት። ጭስ ይጎዳልና ይቁም ልበል። የካናቢስ ጭስ እንደ ትንባሆ ጭስ ብናኝና መርዝ አለበት፤ አስም ያለበትን ሰው ይጎዳል። ይህ ይበቃኛል?

ሐቀኛ ልሁንና፣ አይበቃኝም። ሽታና ጉዳት አንድ አይደሉም። ይህን የማውቀው ከከሰል ነው። አገር ቤት ብርድ ሲሆን ፍም የያዘ ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ይቀራሉ። የገደላቸው አየር ሽታ የለውም። አፍንጫቸው ምንም አልነገራቸውም። በተቃራኒው፣ ጭሱ ከሳሳ በኋላም ድኙ ይሸታል። አፍንጫ የጉዳት ሚዛን አይደለም፤ ገዳዩን አሳልፎ ቀላሉን ያስጮኻል። ክሴ ጉዳት ከሆነ ጭሱን ልለካ እንጂ አፍንጫዬን ምስክር ልጠራ አይገባም። እኔ ደግሞ ያን ምሽት ጫማ ያጠለቅሁት ስለ ሳንባዬ አስቤ አይደለም። ሸትቶኝ ነው። የጤናን ስም የጠራሁት ክሴ ከባድ እንዲመስል ነበር።

መልስ አለ፦ ሽታው እንቅልፍ ከነሳሽ እሱ ራሱ ጉዳት አይደለም ወይ? ነው። እዚህ ላይ ግን የራሴን ገመና ማውጣት አለብኝ። አፍንጫ ሽታን ይለምዳል። ክፍል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ሰው የክፍሉ ጠረን አይታወቀውም። እኔንም ሊለቀኝ ይጀምር ነበር። እኔ ግን አልለቅህ አልሁት። ወደ ኮሪደር ወጥቼ ንጹሕ አየር ስቤ፣ "አሁንም አለ ወይ?" ብዬ እመለሳለሁ። ማጠቢያው ስር ጎንበስ እላለሁ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጠበቅ እጀምራለሁ። አንዳንድ ማታ ሳይመጣ ሲቀር ደስ አይለኝም፤ እንደ ቀረ ቀጠሮ ይሆንብኛል። ግሡ በእጄ ላይ ተለወጠ። መጀመሪያ ሸተተኝ። ኋላ አሸተትሁ። ለመጀመሪያው እሱ ይጠየቃል። ለሁለተኛው ማን ይጠየቃል?

ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው ቃሉ። "ነገሩ ሸተተኝ" ስንል ጠረጠርሁ ማለታችን ነው። እኔን የሸተተኝ ጭሱ ነው ወይስ ሰውየው? ለማወቅ አንድ ፈተና ሠራሁ። አረንጓዴ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቢራ ፀሐይ ሲመታው ይበላሻል፤ የተበላሸው ቢራ ሽታ የሚመጣው ከካናቢሱ ውሕዶች አንዱ ከሆነው ከዚያው የድኝ ውሕድ ነው። እንግዲህ ከማጠቢያዬ ስር የሚወጣው ያው ሽታ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ሰዓት፣ የተበላሸ ቢራ ነው ብባልስ? እንደዚያ እናደድ ነበር? ቆየሁና መለስሁ፦ አልናደድም ነበር። መስኮት እከፍት ነበር። እንግዲህ ከንዴቴ አንዱ ክፍል ከሽታው አይደለም፤ ከስሙ ነው። "ዱርዬ ነው"፣ "ልጄ ይህን እየሸተተ ሊያድግ ነው" የሚለው ከአፍንጫዬ አልመጣም።

ይህ ጥርጣሬ ምክንያት አለው የሚሉኝ ወገኖች አሉኝ። ዜግነት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ሽታ ይሸበራል። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ካናቢስ በስቴት ቢፈቀድም የፌዴራል ሕግን የጣሰ የመልካም ጠባይ መስፈርቱን ላያሟላ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ሰዉ ጃኬቱን ሦስት ጊዜ ያጥባል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መመሪያው የሚናገረው ግን ስላጨሰ ሰው ነው፤ ስለሸተተው ሰው አይደለም። ፍርሃቱን የፈጠረው ጎረቤቴ ስላልሆነ ዕዳውን በእሱ ስም አልጽፍም።

እንግዲህ ልቀንስ። ስሙን ቀነስሁ። አውቄ ያሸተትሁትን ቀነስሁ። የተበደርሁትን የጤና ክስ ቀነስሁ። ምን ቀረ?

ምንም አልቀረም ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ አልታዘዘኝም። የልጄ ትራስ ቀረ። ጠዋት ስስመው ፀጉሩ ላይ ያ ሽታ አለ። ማንም ሳይጠራው፣ በሌሊት፣ በመኝታ ቤታችን ገብቶ አድሯል። ትንሽ ነው፤ ግን አይሟሟም። ከአልድረድ ጉዳይ ያስቀመጥሁትን አሁን አነሣለሁ፦ ቤት ማለት የሚገባውንና የማይገባውን የምመርጥበት ቦታ ነው። ያን ምርጫ ሙሉ በሙሉ የወሰደብኝ ነገር ቤቴን ቀንሶብኛል። ክሴ ይህ ብቻ ነው።

ግን እንዲህ ብዬ እንዳልጨርስ የሚከለክለኝ አንድ ሰው አለ። ሮናልድ ኮዝ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ጉዳት ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለው ብሎ ተከራከረ። ጭሱ እኔን ይጎዳኛል። ጭሱ ቢከለከል ደግሞ እሱን ይጎዳዋል። ያለ እኔ አፍንጫ ጉዳት የለም፤ ያለ እሱ ጭስም ጉዳት የለም። ታዲያ ለምን እሱ ብቻ በዳይ ይባላል? ተስማሙ፤ ካስፈለገም አንዳችሁ ለሌላው ክፈሉ።

ልክፈለው? ሐሳቡ አመመኝ። ሕመም ግን ክርክር አይደለምና ምክንያቱን ፈለግሁ። ያገኘሁት ይህን ነው። ሁለታችንም አካሄዳችንን እንድንለውጥ ልንጠየቅ እንችላለን፤ መንገዳችን ግን እኩል አይደለም። ማጨስ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ዘዴ ሊኖረው ይችላል። መተንፈስ ሌላ ዘዴ የለውም። ስለዚህ ማን ጀመረ ብዬ አልጠይቅም፤ ሕግ ለማን አደላ ብዬም አልጠይቅም። የምጠይቀው ማን ሌላ መንገድ አለው ብዬ ነው። መንገድ ያለው ይዙር። ይህ ሁለተኛው መርሔ ነው፤ ከፊተኛው የሚሻለው ቡናዬንም ጭሱንም በአንድ ሚዛን ስለሚያስቀምጥ ነው።

እሱስ መንገድ ባይኖረው? ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። ሜሪላንድ በአደባባይ ማጨስን ትከለክላለች፤ ያስቀጣል። ግቢ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ያጨሳል። አፓርታማ የተከራየ ሰው መያዝ ተፈቅዶለት ማጨሻ ቦታ የለውም። የመብት ሰነድ ሰጥተው እግር ማሳረፊያ ነሡት። እኔ ላይ የደረሰው ጭስ ከዚህ ጥበትም የመጣ ነው።

እኔስ መንገድ የለኝም ወይ? መርሔ ይህን ሲጠይቀኝ አፈርሁ። በብርድ ወራት ሕንፃ ራሱ ጭስ ማውጫ ይሆናል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ የታቹን እየሳበ። መንገዱ ደግሞ የቧንቧ ቀዳዳ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ የበር ስር ነው። ማጠቢያዬ ስር ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ያስገባል። በአንድ ቱቦ ሲሊኮን ይደፈናል። ስንት ወር ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት፤ አንድ ቀን አልደፈንሁትም። የገዛሁት የአየር ማጣሪያም ብናኝ የሚይዝ እንጂ ሽታ የሚይዝ አልነበረም፤ ሽታ ጋዝ ስለሆነ በወንፊቱ ያልፋል። ለሽታ የሚሆነው ከሰል ያለበት ማጣሪያ ነው። ያ ሳይሸት የሚገድለው ከሰል ሽታ ይይዛል። አፍንጫዬ ይህንንም አልነገረኝም።

ቀዳዳውን ደፈንሁ። ሽታው ቀነሰ፤ አልጠፋም። አሁን መንገዴን ጨርሻለሁ፤ አሁን ማንኳኳት እችላለሁ አልሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃን፣ ወረድሁ።

የከፈተልኝ በዕድሜ የገፋ፣ ወገቡን በእጁ የደገፈ ሰው ነው። ዕቃ ሲጭን ኖሮ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጓል፤ ሌሊት ሳያጨስ አይተኛም፤ ደረጃውንም በማታ አይወርድም። ያዘጋጀሁትን ተናገርሁ፦ አልከስህም፣ ሽታው ልጄ ክፍል ይደርሳል፣ እኔ በኩል ደፍኛለሁ፣ የቀረው ምን ይሁን? ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "የእናንተም ጭስ አለ። እሑድ እሑድ። በደረጃው ወርዶ በበሬ ስር ይገባል። አራት ዓመት ራሴን ሲያመኝ ኖሯል።"

"ለምን አልነገርኸኝም?"

"መናገር እንደሚቻል አላወቅሁም።"

ይህ መልስ ከመርሆቼ ሁሉ በላይ ገፋኝ። አራት ዓመት የቡናዬና የዕጣኔ ጭስ መዓዛ ሆኖ የቆየው እሱ ዝም ስላለ ነው። እኔ ያመሰገንሁት የራሴን አፍንጫ ነበር፤ የታገሠኝ ግን የእሱ ነው። የቆምሁበት ክስ ቃል በቃል የእሱም ክስ ነው፤ በበሩ ስር፣ ሳይጠራው፣ ቤቱ ገብቷል። በጎ ጎረቤት መሆኔን እንዴት አወቅሁ? ማንም ስላላንኳኳ። ያልተንኳኳ በር ግን ሁለት ነገር ሊያመለክት ይችላል፦ ወይ የሚያስቀይም ነገር የለም፣ ወይ ማንኳኳት አይቻልም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።

እንግዲህ የደረስሁበትን ልጻፍ። አብሮ የሚኖር ሰው ሽታ የሌለበት ቤት ለሌላው ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ አይገደድም። ሊሰጥ የሚችለው ተጠያቂነቱን ነው። ወደማይዘጋ በር፣ ወደ ሰው ትንፋሽ፣ አንድ ነገር የሚልክ ሁሉ በእሱ ፋንታ የሚዘጋና የሚከፈት ሌላ በር ሊያቀርብ ይገባዋል። ያ የገዛ በሩ ነው፤ ሲንኳኳ የሚከፈት፣ ከዚያም አስቀድሞ "ይደርስብሃል ወይ?" ብሎ ራሱ የሚያንኳኳ። አንኳኪውም በበኩሉ አንድ ዕዳ አለበት። ደረጃውን ከመውረዱ በፊት የሸተተውን ካሸተተው፣ ጭሱን ከስሙ ለይቶ ይምጣ። ሕጋችን መልካም ጉርብትና ያለውና ልኩን ያልነገረን ነገር እንዲህ የሚለካ ይመስለኛል፦ በቀን ብርሃን፣ ፊት ለፊት፣ በር ላይ ቆሞ ሊነገርና ሊሰማ በሚችለው።

ሐተታዬ የማይመልሰውንም ልንገራችሁ። ከታች ያለው ሰው በሩን ባይከፍትስ? ከፍቶ "አፍንጫሽን ላሺ" ብሎኝስ ቢሆን? ሐተታዬ እሱን አያስገድደውም። ምክንያት የሚሠራው ምክንያት ለሚሰማ ነው። ያኔ የሚቀረው የኪራይ ውልና ፍርድ ቤት ነው፤ እንደ ዲሲዋ አሮጊት። ሕግን ያሳነስሁት ለመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ ለመጨረሻው በር አይደለም። ሌላም አለ፤ መንገድ ያለው ይዙር ስል ሁለቱም መንገድ ያጡ ሰዎችን ረስቻለሁ። ለእነሱ መልስ የለኝም።

አሁን እሱ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ መስኮቱ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ፋን አድርጎ ያጨሳል። እኔ ቡናዬን መስኮት ከፍቼ እቆላለሁ፤ ዕጣኑን ቀንሻለሁ፤ በሬ ስር ላስቲክ ለጥፌያለሁ። ዕጣኑን መቀነሱ ከበደኝ። እሱንም እንደከበደው አውቃለሁ። ሚዛኑ እኩል መሆኑን የማውቅበት ሌላ መንገድ የለኝም።

ትናንት ማታም ሸተተኝ። አላሸተትሁም።